የታመቀ አየር በሕንፃ ሙቀት ቁጥጥር

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት፣ በኋይትዋተር ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ዋረን ጆንሰን የተባሉ መምህር ያስተምሩ ነበር። በዚያን ዘመን የሕንፃው ሠራተኛ በየክፍሉ እየዞረ ቴርሞሜትር ካነበበ በኋላ ምድር ቤት ወርዶ የሙቅ አየር መተላለፊያዎችን ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ትምህርት በየጊዜው መቋረጡ ያሳሰባቸው ጆንሰን፣ የክፍሉን ሙቀት ለምድር ቤቱ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ የሚያስታውቅ መሣሪያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1883 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኙ። ይሁን እንጂ መሣሪያው ያስታውቃል እንጂ አይሠራም፤ መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ያው የሰው ክንድ ነበር። ጆንሰን በ1885 ዓ.ም. በሚልዋኪ ኩባንያ ካቋቋሙ በኋላ፣ በ1895 ዓ.ም. እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው በታመቀ አየር ለሚቆጣጠር ሥርዓት ሌላ የፈጠራ መብት ተሰጣቸው።

አየሩ ስለምን ተመረጠ ቢባል፣ መልእክቱንም ጉልበቱንም በአንድ ቀጭን ቧንቧ ስለሚያደርስ ነው። ከኮምፕሬሰር የሚመጣው አየር እጅግ ጠባብ በሆነ ማለፊያ በኩል ወደ ቴርሞስታቱ ይገባና በትንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። በቀዳዳው ፊት፣ በሙቀት እኩል ከማይለጠጡ ሁለት ብረቶች የተጣበቀ ምላስ ይቆማል። ክፍሉ ሲሞቅ ምላሱ ተጣምሞ ወደ ቀዳዳው ይጠጋል፤ መውጫ ያጣው አየርም በቧንቧው ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል። ይህ ግፊት፣ በተለመደው አሠራር ከ3 እስከ 15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች የሚደርሰው፣ የቫልቩን ዲያፍራም ገፍቶ ሞላውን በማሸነፍ እንፋሎቱን ቀስ በቀስ ይዘጋል። ቫልቩ በግማሽ ወይም በሩብ ተከፍቶ መቆም መቻሉ፣ ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ሌላ ከማያውቅ ማብሪያ ማጥፊያ እጅግ የተሻለ ነበር። አየሩ ቢቋረጥ ደግሞ ሞላው ቫልቡን መልሶ ስለሚከፍት ሕንፃው በክረምት ብርድ አይቀዘቅዝም። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ያለ አንዳች ሽቦ መገኘቱ በእውነት የሚደነቅ ነው።

ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚያው ከጠባቡ ማለፊያ ነው። ከኮምፕሬሰሩ የሚያመልጥ ዘይትና በሚገባ ያልደረቀ አየር የሚተወው ውሃ ማለፊያውን ይደፍኑታል። ያን ጊዜ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቫልቩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ክፍሉም ያለ ልክ ይሞቃል። ደወል የሚደውል የለም፤ ነዋሪው በብርድ ወራት መስኮት ይከፍታል፣ ነዳጁም በመስኮቱ ይወጣል። ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ዘመን ይህ ብዙም አላሳሰበም፤ ከ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ቀውስ ወዲህ ግን ሒሳቡ ተለወጠ።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመለካቱንና የመወሰኑን ሥራ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያዎች እየወሰዱት መጡ። ሆኖም አሮጌ ሕንፃ ሲታደስ ቫልቮቹን ሁሉ መለወጥ ውድ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪኩን ምልክት ወደ አየር ግፊት የሚለውጥ መሣሪያ መሐል ይገባል፤ ዲያፍራሙና ሞላው በቦታቸው ይቀራሉ፤ ኮምፕሬሰሩም ዘይቱና ውሃው በየጊዜው ሊወገድለት ይገባል።