ከመርዝ በኋላ የቀሩትን መቍጠር፦ የራይን ወንዝ ዓሦች ታሪክ

ጥቅምት 22 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1986) ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ሽቫይዘርሃለ በተባለው ሥፍራ በሚገኝ የሳንዶዝ ኩባንያ መጋዘን ላይ እሳት ተነሣ። በመጋዘኑ 1,350 ቶን ያህል ኬሚካል ተከማችቶ ነበር፤ አብዛኛውም ለእርሻ የሚውል ፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። እሳቱን ለማጥፋት ከ10,000 ሜትር ኩብ የማያንስ ውሃ ተረጨ። ይህን ያህል ውሃ አጠራቅሞ የሚይዝ ገንዳ ግን በሥፍራው አልነበረም። በመሆኑም ውሃው እስከ 30 ቶን የሚገመት መርዝ ይዞ ወደ ራይን ወንዝ ገባ፤ አብሮት የሄደው ማቅለሚያም ወንዙን አቀላው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ከባዝል ቁልቁል በጀርመንና በፈረንሳይ ዳርቻ እስከ ሎሬላይ አለት ድረስ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ርቀት፣ ኢል የተባለው እባብ መሰል ዓሣ በብዛት ሞቶ ተገኘ። የሞቱት ኢሎች 150,000 ያህል እንደሚሆኑ ተገመተ። ትራውትና ሌሎች የዓሣ ዓይነቶችም አልቀዋል። የአደጋው ታሪክ በተነገረ ቁጥር የሚጠቀሰው ይኸው አኃዝ ነው።

ዳሩ ግን የሬሳ ቆጠራ የጉዳቱን መጠን ብቻውን አይገልጽም። ከሞቱት ዓሦች ከፊሉ ይሰምጣል፤ ከፊሉን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ከፊሉን ወፎች ይበሉታል፤ ጥቃቅኖቹንም ማንም ልብ አይላቸውም። ከሁሉም በላይ፣ ምን ያህል እንደሞተ ማወቅ ምን ያህል እንደቀረ ከማወቅ ጋር አንድ አይደለም። ወንዙ ያገግም እንደሆነ የሚወስኑት የተረፉት ናቸው።

በሕይወት ያሉትን ለመቍጠር በተለይ ጥልቀት በሌለው ውሃ የተለመደው ዘዴ በኤሌክትሪክ ማጥመድ ነው። በውሃው ውስጥ የሚለቀቀው ጅረት ዓሦቹን ለጥቂት ጊዜ አደንዝዞ ወደ መረቡ ይስባቸዋል፤ ከተለኩና ከተመዘኑ በኋላም ይለቀቃሉ። የዴንማርክ ተመራማሪ ፔተርሰን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዓሦችን ምልክት እያደረገ በመልቀቅ መሠረቱን የጣለለት የስሌት ዘዴም አለ። ለምሳሌ 200 ዓሦች ምልክት ተደርጎባቸው ቢለቀቁ፣ ቆይቶም ከተያዙት 150 ዓሦች መካከል 30ዎቹ ምልክት ያለባቸው ሆነው ቢገኙ፣ በዚያ ክልል ያሉት ዓሦች ወደ 1,000 ይጠጋሉ ማለት ነው። ስሌቱ የሚያገለግለው ግን በሁለቱ ማጥመዶች መካከል ዓሦቹ ከክልሉ ካልወጡና ሌሎችም ካልገቡ ነው። እንደ ራይን ባለ ሰፊና ጥልቅ ወንዝ ደግሞ ኤሌክትሪኩ የሚደርሰው ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ፣ አንድ ቆጠራ ብቻውን የሚሰጠው መልስ ጎደሎ ነው። ቆጠራ ዋጋ የሚያገኘው በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ወቅትና በአንድ ዓይነት መሣሪያ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ነው።

የኢል ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። አብዛኞቹ የራይን ዓሦች በወንዙ ወይም በገባሮቹ ውስጥ ይራባሉ፤ ስለሆነም ከአደጋው በኋላ ጫጩቶች ከታዩ የተረፉት መራባታቸው ይታወቃል። ኢል ግን የሚራባው በሩቁ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሳርጋሶ ባሕር ነው። ወደ ወንዝ የሚገባው ገና ትንሽ ሳለ ነው፤ ለዓመታት አድጎም ተመልሶ ወደ ባሕር ይወርዳል። የሞቱትን የሚተካው ከባሕር የሚመጣው ወይም በሰው እጅ ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ብቻ ነው።

በኔዘርላንድስ ዴን ኡቨር በተባለው ሥፍራ ከባሕር የሚገቡት ትናንሽ ኢሎች እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በመረብ እየተያዙ ሲቈጠሩ ኖረዋል። ይህ መዝገብ የሚያሳየው የኢል አመጣጥ በከፍተኛ ደረጃ ማሽቆልቆል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ፣ ማለትም ከእሳቱ በፊት መሆኑን ነው። ቆጠራው ከአደጋው በኋላ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ፣ የኢል መመናመን ሁሉ በአንድ ሌሊት መርዝ ሊሳበብ፣ የግድቦች ተርባይን፣ ከመጠን ያለፈ አጠማመድና ሌሎች መንስኤዎችም ሊዘነጉ በቻሉ ነበር። ያለ ቀድሞ መዝገብ የበደለኛው ድርሻ ከሌላው ድርሻ አይለይም።

ከአደጋው በኋላ የወንዙ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1987 የራይንን የተግባር መርሐ ግብር አጸደቁ፤ ሳልሞን እስከ 2000 ድረስ ወደ ወንዙ እንዲመለስም ግብ አስቀመጡ። በፋብሪካዎች የእሳት ማጥፊያን ውሃ የሚይዙ ገንዳዎች ተሠሩ፤ የውሃው ጥራት መቈጣጠሪያ ጣቢያዎችም ተጠናከሩ። በወንዙ ወለል የሚኖሩት ጥቃቅን እንስሳት ካልተመረዘው የላይኛው ውሃና ከገባሮቹ እየወረዱ ብዙ ሳይቈዩ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሳልሞን ዚግ በተባለው ገባር ታየ፤ በ2000 ደግሞ በኢፌስሃይም ግድብ ላይ የዓሣ መተላለፊያ ተከፈተ፤ የሚያልፉትም ዓሦች ይቈጠራሉ። ኢል ግን በእነዚህ ሥራዎች ብቻ አልዳነም፤ የአውሮፓው ኢል እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ጋር ተመዝግቧል።

ከዚህ ታሪክ ለመሐንዲስ ሁለት ቁም ነገሮች ይተርፋሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና፣ አንደኛው ውሃው ከመፍሰሱ በፊት የሚይዘውን ገንዳ መሥራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፋብሪካው ወይም መጋዘኑ ከመቆሙ በፊት በአጠገቡ በሚያልፈው ወንዝ ውስጥ ምን እንደሚኖር መቍጠርና መመዝገብ፣ ቆጠራውንም በየዓመቱ ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። የመጀመሪያው ወጪ አደጋን ይከላከላል፤ ሁለተኛው፣ አደጋው ከደረሰ፣ የጠፋውን በትክክል ለማወቅና ለማስመለስ ያስችላል።