የኦዲት ሪፖርት ከቀረበ በኋላ

የመንግሥትን ሂሳብ መርምሮ ጉድለቱን ማመልከት አንድ ሥራ ነው፤ የተመለከተው ጉድለት እንዲታረም ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። መርማሪው አያዝም፤ አይቀጣም፤ የባከነውንም ገንዘብ በራሱ ሥልጣን አያስመልስም። ድርሻው ያየውን በማስረጃ አስደግፎ መጻፍ ነው። የጻፈውን የሚያነብና ኀላፊውን «ምን አደረግህ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ፣ ሪፖርቱ በመዝገብ ቤት አቧራ ለብሶ ይቀራል። ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዴት እንደ ተፈለገ ለመረዳት የእንግሊዝ ፓርላማ ያለፈበትን መንገድ መመልከት ይጠቅማል።

በእንግሊዝ አገር የመንግሥትን ሂሳብ የሚመረምሩ ኮሚሽነሮች በሕግ የተቋቋሙት በ1785 እ.ኤ.አ. ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ኮሚሽነሮች በግምጃ ቤቱ ሥር ስለ ነበሩ፣ መርማሪውና ተመርማሪው ከአንድ ቤት የወጡ ያህል ነበር። በ1832 የባሕር ኀይል ሂሳብ ተመርምሮ ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት እንዲቀርብ ተደነገገ። በ1857 ደግሞ የመንግሥትን ገንዘብ ጉዳይ እንዲያጠና የተሰየመ ኮሚቴ፣ የተመረመረው ሂሳብ በምክር ቤቱ አባላት እንዲታይ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ በሥራ ላይ የዋለው በ1861 የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ግላድስቶን የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ እንዲቋቋም ባደረገ ጊዜ ነው፤ በሚከተለውም ዓመት ኮሚቴው ቋሚ ሆነ። የ1866 ሕግ ደግሞ ዋናውን ኦዲተር ከአስፈጻሚው ተጽዕኖ አላቀቀው፤ ይኸውም ሁለቱ ምክር ቤቶች ካልጠየቁ በቀር ከሥልጣኑ እንዳይነሣ በመደንገግ ነው።

የቀረው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነበር። ሚኒስትሮች ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ በ1872 ግምጃ ቤቱ ባወጣው ውሳኔ የየመሥሪያ ቤቱ ቋሚ የበላይ ሹም ለሂሳቡ በግሉ ተጠያቂ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በየዓመቱ የሚዞር መንኰራኵር ሆነ። ዋናው ኦዲተር ሪፖርት ያደርጋል፤ ኮሚቴው ሹሙን ጠርቶ ይጠይቃል፤ ውሳኔ ሐሳቡንም ያቀርባል። ግምጃ ቤቱም ለእያንዳንዱ ሐሳብ የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ከነምክንያቱ ለይቶ በጽሑፍ ይመልሳል። በተግባር ያልተፈጸመው ነገር እንደገና በኮሚቴው ፊት ሊነሣ ይችላል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ከተቃዋሚው ወገን መሆኑ የቈየ ልማድ ነው። የኮሚቴው ሐሳቦችና የግምጃ ቤቱ መልሶች በአንድነት ተሰብስበው መታተማቸውም ያለፈው እንዳይረሳ ረድቷል።

ሆኖም ይህ ሥርዓት ቢኖርም መዘግየት አልጠፋም። በ1964 ዋናው ኦዲተር የፌራንቲ ኩባንያ ብለድሀውንድ ለተባለው ሚሳይል ከመጠን ያለፈ ትርፍ እንዳገኘ ገለጸ። ጉዳዩ በኮሚቴው ከተመረመረ በኋላ ኩባንያው 4.25 ሚሊዮን ፓውንድ መለሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተሰየመው የሰር ጆን ላንግ ኮሚቴም፣ ዋጋ ከመወሰኑ በፊት መንግሥት የተቋራጩን ያህል መረጃ እንዲያገኝ፣ ሥራው ካለቀም በኋላ እውነተኛው ወጪ እንዲመረመር መከረ። ገንዘቡ ፈጥኖ ተመለሰ፤ ምክሩ ግን ከኢንዱስትሪው ጋር የተስማሙበት በ1968 ነው። በመካከሉ፣ በ1967፣ ብሪስቶል ሲድሊ የተባለው ኩባንያ ቀደም ብሎ ለአውሮፕላን ሞተር እድሳት ያለ አግባብ ያስከፈለው ዋጋ ሌላ ምርመራ አስነሣ። ከዚህም የሚታየው፣ አንድን ገንዘብ ማስመለስ ገንዘቡ የወጣበትን ቀዳዳ ከመድፈን ይልቅ ቀላል መሆኑን ነው።

በ1983 የወጣው የብሔራዊ ኦዲት ሕግ ዋናውን ኦዲተር የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሹም አደረገው፤ ወጪው በቍጠባና በውጤታማነት መዋሉንም እንዲመረምር ሥልጣን ሰጠው። የምርመራው ስፋት በጨመረ ቍጥር የሚከታተለው ውሳኔ ሐሳብም በዛ።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዋናው ኦዲተር ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው ሪፖርት እንዲያቀርብ ደንግጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ፓርላማው ሲበተን፣ ሪፖርቱን ተቀብሎ በሕዝብ ስም የሚጠይቀው ሸንጎ ጠፋ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 ደግሞ ዋናው ኦዲተር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾምና ሪፖርቱን ለዚሁ ምክር ቤት እንዲያቀርብ ያዛል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕግ መርማሪውን ነጻ ሊያደርገው ይችላል፤ ሪፖርቱ እንዲነበብም ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን አምና የተጠየቀው ሹም ዘንድሮም «ያ ነገር ከምን ደረሰ?» ተብሎ ካልተጠየቀ፣ ስሕተቱ በሚከተለው ዓመት ሪፖርት ውስጥ ቀኑን ብቻ ለውጦ ይገኛል። ኦዲተሩ ጽፎ የጨረሰው ሥራ በምክር ቤቱ ዘንድ ገና ይጀመራል።