አርትዖትና የሕዝብ አንደበት

መጽሐፍ የአንድ ሰው ብዕር ውጤት ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር ይታያል። ሆኖም አንድ ጽሑፍ ከደራሲው እጅ ወጥቶ ለአንባቢው እስኪደርስ ያለፈበት መንገድ ሲመረመር፣ በመካከሉ ብዙ የደከሙ፣ ስማቸው ግን በሽፋኑ ላይ ያልሰፈረ ሠራተኞች ይገኛሉ። እነዚህም አርታኢዎችና አራሚዎች ናቸው። የሥራቸውን ዐይነትና ታሪክ ለይቶ ማወቅ በጽሑፍ አማካይነት ሕዝብን ለሚያስተምርና ለሚያነቃ ሁሉ ተገቢ ነው።

አርትዖት በጠቅላላው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የይዘትና የአወቃቀር አርትዖት ነው። ይህ የጽሑፉን ዓላማ፣ የሐሳቡን ቅደም ተከተል፣ የጎደለውንና የተረፈውን ይመረምራል። ሁለተኛው የቋንቋ አርትዖት ነው። ይህ ደግሞ የዐረፍተ ነገሩን አሰካክ፣ የቃሉን ትክክለኛነትና የአነጋገሩን ለዛ ይመለከታል። ሦስተኛው የኅትመት እርማት ሲሆን፣ ተግባሩ በማተሚያ ቤት የተለቀመውን ፊደል ከረቂቁ ጋር ማመሳከር ነው።

ሦስቱ ሥራዎች አንዱ በሌላው እንደማይተካ ለመረዳት አንድ ቃል በቂ ምሳሌ ይሆናል። በምዕራብ ሸዋ ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው እንጭኒ የአድአ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው ደጋማ ነው። ሕዝቡ በሚናገረው ኦሮምኛ ደጋ «በዳ» ይባላል፤ «ዳ» ጠብቆ ይነበባል። «ዳ» ሲላላ ግን ቃሉ «መጥፎ» የሚል ትርጉም ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱ ፈጽሞ አይለያዩም። ስለ ደጋ አገር የተጻፈ ገጽ መጥፎ አገርን እንደሚያወሳ ሆኖ ቢነበብ የኅትመት አራሚው የሚያገኘው ስሕተት የለም። ፊደሉ ከረቂቁ ጋር አንድ ነውና። ጉድለቱን ሊያውቅ የሚችለው ቋንቋውን በጆሮው የሚያውቅ አርታኢ ብቻ ነው። «አለ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት መሆኑም ይህንኑ ያስረዳል።

በኢትዮጵያ ከሦስቱ መካከል ጥንታዊ መሠረት ያለው ሦስተኛው ነው። የብራና ጸሐፊ የገለበጠውን ከምንጩ ጋር ያመሳክራል፣ የተሳሳተውን ፍቆ እንደገና ይጽፋል፣ የዘለለውን ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ያስገባል። ቅዱስ ተብሎ የተቀበለውን ቃል አወቃቀር መለወጥ ግን የእርሱ ሥልጣን አልነበረም። የይዘትና የቋንቋ አርትዖት ጥያቄ ጎልቶ የወጣው መጻሕፍት ወደ ሕዝቡ መነጋገሪያ ቋንቋዎች ሲመለሱና ወደ ማተሚያ ቤት ሲገቡ ነው።

አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በካይሮ ከፈረንሳዊው አስሊን ደ ሼርቪል ጋር ለዐሥር ዓመት ያህል ሠርተው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ። ከ9,500 ገጽ በላይ የሆነው ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1820 ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዛ። ቶማስ ፔል ፕላት ለንደን ላይ ለኅትመት አሰናድተውት፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ወጣ። ይሁን እንጂ አቡ ሩሚ ቀደም ሲል በወረርሽኝ ሞተው ነበር። አዘጋጁ አንድ ቃል ቢያጠራጥራቸው ተርጓሚውን መልሰው ለመጠየቅ አልቻሉም። ጽሑፉ በኋላ ዘመን በዮሐን ሉድቪግ ክራፍና በኢትዮጵያውያን ረዳቶች እንደገና መታረም ያስፈለገውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የኦሮምኛ ጽሑፍ ታሪክ ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ክራፍ በሸዋ በነበሩበት ጊዜ የማቴዎስን ወንጌል ወደ ሸዋ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በላቲን ፊደል አሳተሙ። በኋላም ከባርነት ነጻ በወጣው በሩፎና የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በጻፉት በደብተራ ዘነብ እርዳታ በ1870ዎቹ በግዕዝ ፊደል ሌሎች ክፍሎችን አወጡ።

ከዚህ በኋላ ሥራውን ወደ ላቀ ደረጃ ያደረሱት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። ኦኔሲሞስ በሕፃንነታቸው ከወገናቸው ተነጥቀው በባርነት ተሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡ፤ በስዊድንም ተማሩ። ትምህርታቸው የጠለቀ ቢሆንም፣ ከአገራቸው በልጅነት በመውጣታቸው የቋንቋው ለዛ ጎድሏቸው ነበር። ይህን ጉድለት የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። እርሳቸውም በባርነት ተወስደው እ.ኤ.አ. በ1886 ባሕር ላይ ነጻ ከወጡ በኋላ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ተማሩ። አስቴር ቃላትን ሰበሰቡ፤ በልባቸው የያዙትን የሕዝብ ተረትና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈሩ። ከዚህ ሀብት እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊዘርላንድ በሳንክት ክሪስቾና ታተመ፤ ኦኔሲሞስ ራሳቸው ወደዚያ ሄደው ኅትመቱን ተቆጣጠሩ።

በዚህ ሥራ የአርትዖት ዐይነቶች እንዴት እንደተከፋፈሉ ልብ ሊባል ይገባል። ኦኔሲሞስ ይዘቱን ከምንጩ ጋር አገናዘቡ፣ የኅትመቱንም እርማት መሩ። አስቴር ግን ቃሉ ከኦሮሞ አንደበት እንደወጣ ሆኖ እንዲሰማ አደረጉ። ተርጓሚ ተብለው በታሪክ የታወቁት ኦኔሲሞስ ሲሆኑ፣ የአስቴር ድርሻ ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ዕውቅና ሳያገኝ ቆይቷል። ከዚህም የቋንቋ አርትዖት ሰፊ ድካም የሚጠይቅ፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚረሳ ሥራ መሆኑ ይታያል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ኦሮምኛ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። የቋንቋዎቹ ቁጥር በኋላ 15 ደርሷል። የመማሪያ መጻሕፍቱ በግዕዝ ፊደል ስለተዘጋጁ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ የማስነበብ ኃላፊነት በመምህሩ ላይ ወደቀ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር፣ የሚጠብቀው ድምፅ በሁለት ፊደል መታየት ቻለ። ደጋውና መጥፎውም በጽሑፍ ተለዩ። ፊደሉ ግን የመፍትሔው ግማሽ ነው። ጸሐፊው አንዱን ፊደል ቢረሳ፣ የታሰበው ደጋ ይሁን መጥፎ የሚወስነው አሁንም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ አርትዖት ቅደም ተከተል አለው። ሐሳቡ ሳይስተካከል ቃሉን መሞረድ፣ ቃሉ ሳይጠራም ፊደል መልቀም ድካምን እጥፍ ያደርጋል፤ ነገ የሚሰረዘውን አንቀጽ ዛሬ ማስዋብ ይሆናልና። ሁለተኛ፣ የኅትመት እርማት ሌሎቹን ሁለት ሊተካ አይችልም። አንድም የፊደል ግድፈት የሌለበት መጽሐፍ ለሕዝቡ የማይገባ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ለሕዝብ የተዘጋጀ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በቋንቋው ባለቤቶች ጆሮ መፈተን አለበት። ለእንጭኒ ገበሬ የሚጻፍ ጽሑፍ በእንጭኒ ሰው ፊት ጮክ ብሎ ይነበብ፤ አድማጩ የተደናገረበት ቃል ይታረም። ያረመውም ሰው ስሙ በመጽሐፉ ላይ ይስፈር።