ጦርነቱ በሰሜን፣ ወሰኑ በቡሌ

ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣ ሰው ቡናውን ከኋላው እየተወ ይሄዳል። ዳገቱ በጨመረ ቁጥር የቡናው ማሳ እየሳሳ እንሰቱ ይበረክታል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ገብሱ ብቅ ይላል። ቡሌ የጌዴኦ ደጋ ናት። በስተምሥራቅ የሚያዋስናት የጉጂ ኦሮሞ አገር ነው።

በ1983 ዓ.ም. ያበቃው የ17 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ታላላቅ ውጊያዎች የተካሄዱት ከዚህ እጅግ ርቀው ነው፤ አፋቤት፣ ምፅዋ፣ ሽሬ። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ግን የደቡቡም ገበሬ ልጁን ወደማያውቀው ግንባር ሸኝቷል። ከጦርነቱ ማግሥት የተጻፈው ሕግና የተሰመረው ወሰን ደግሞ እስከ ቡሌ ደጃፍ ደርሷል። ዛሬ ዴሞክራሲ ብለን የምንጠራው ነገር መልኩን ያገኘው በዚያ ማግሥት ነው።

የጌዴኦ ገበሬ የቀድሞ ጥያቄ መሬት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የቡና ምርቱን ለባለርስት ማካፈል የመረረው ገበሬ አመፀ፤ በሚጭሌ ያደረገው ትግል እስከ ዛሬ ይነሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን ከባለርስቱ እጅ አወጣ። ነገር ግን መሬቱን ያገኘው ገበሬ አፉ ተዘጋ፤ የተለየ ሐሳብ ይዞ መደራጀት ወንጀል ሆነ። የመሬት ጥያቄው በከፊል ቢመለስም በገዛ ቋንቋና በገዛ ሹም የመተዳደር ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ግንቦት 20 ቀን 1983 የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከሰኔ 24 እስከ 28 በተካሄደው ጉባኤ የሽግግር ቻርተር ጸደቀ። አሸናፊዎቹ በብሔር ስም ተደራጅተው የታገሉ ስለነበሩ አገሪቱንም በዚያው መንገድ አዋቀሯት። በ1984 የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ኢትዮጵያን በ14 ክልሎች ከፈለ፤ ቆየት ብሎም 5ቱ ተዋህደው ደቡብ ክልል ሆኑ። ህዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አወቃቀሩን አጸናው።

የተገኘው ነገር ቀላል አይደለም። በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ የነበረው ጌዴኦ የራሱን ዞን አገኘ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፊደል ቆጠሩ። ባለጉዳይ አስተርጓሚ ሳይፈልግ ለሹሙ አቤት አለ። ይህን ትርፍ የሚንቅ ሰው ቋንቋው በሸንጎ ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚሰማው አያውቅም።

ኪሳራውም የመጣው ከዚያው ወሰን ነው። በአፈ ታሪክ የጌዴኦና የጉጂ አባቶች፣ ዳራሶና ጉጆ፣ ወንድማማቾች ናቸው። ገበሬና ከብት አርቢ ሆነው በገበያ ተገናኝተዋል፣ ተጋብተዋል፣ በአንድ መንደር ኖረዋል። ወሰኑ ሲሰመር ሹመቱ፣ በጀቱና የትምህርት ቋንቋው የ«ባለቤቱ» ሕዝብ ሆነ፤ ከመስመሩ ማዶ የቀረው ጎረቤት በተወለደበት ቀዬ እንግዳ ሆነ። በ1987 በሀገረ ማርያም አካባቢ ከሕዝበ ውሳኔ ጋር ተያይዞ ግጭት ተነሳ፤ በ1990 ተደገመ። በ2010 ደግሞ ከሁለቱም ወገን ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። አብዛኞቹ ከምዕራብ ጉጂ የሸሹ ጌዴኦዎች ነበሩ። ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ መጠለያ ሆነው በተፈናቃይ ሞሉ።

ሕገ መንግሥቱ ለወሰን ክርክር አንቀጽ አለው። በአንቀጽ 48 መሠረት ክልሎች ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስናል። ውሳኔው መስመሩ የት እንደሚያልፍ ይነግራል እንጂ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ቂመኞች አያስታርቅም። ሕጉ ከዕርቁ ሲቀድም የሚሆነውን አሜሪካም አይታዋለች። የእርስ በርስ ጦርነቷ እ.ኤ.አ. በ1865 አበቃ፤ በ1870 ማንም በዘሩ ምክንያት የመምረጥ መብቱን እንዳይነፈግ በሕገ መንግሥቷ ተጻፈ። በደቡብ ያሉ ጥቁሮች ግን ያ መብት በተግባር እንዲከበርላቸው የ1965ቱን ሕግ መጠበቅ ነበረባቸው። በልብ ያልታረቀ ሕዝብ የጻፈው ሕግ ብዙ ዘመን ወረቀት ሆኖ ይቆያል።

ጌዴኦ ለዕርቅ የራሱ እውቀት አለው። ባሌ በሚባለው ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩን እስኪስማሙበት ያወጡታል፣ ያወርዱታል። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲቃቡ የሚታረቁበት ጎንዶሮም አለ፤ ወደ ደም ላለመመለስ የሚማማሉበት ሥርዓት ነው። በመስከረም 2016 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከእንሰቱና ከቡናው ጋር ይህ የአባቶች ሥርዓትም ክብር አግኝቷል።

ጥር 29 ቀን 2015 ጌዴኦ ሕዝበ ውሳኔ ከሰጡት ዞኖች አንዱ ነበር፤ በዚያው ዓመት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ሌላው የሰሜን ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመውም በ2015 ጥቅምት ነው። በ2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም አጀንዳ ሰብስቧል። እንደገና በጦርነት ማግሥት ላይ ነን፤ እንደገናም ስለ ሕግና ስለ ወሰን እንነጋገራለን።

ከ1983 በኋላ ሕጉ አስቀድሞ ተጻፈ፣ ወሰኑ ተሰመረ፤ ዕርቁ ግን ለኋላ ቀረ። የዚያን ቅደም ተከተል ዋጋ ቡሌና ጎረቤቶቿ ከፍለውታል። አሁን ዕርቁ ይቅደም። አዲስ መስመር ከመሰመሩ በፊት የጌዴኦና የጉጂ አባቶች ይቀመጡ፤ የተፈናቀለውም ሰው ከማንም አስቀድሞ ይሰማ። በየአካባቢያችሁ ሽማግሌ ያላችሁ ሁሉ፣ ሳይረፍድ አስቀምጧቸው።