ስኩባ ጠላቂዎች ሥልጠናቸውን ለምን ማደስ አለባቸው?

ለመዝናኛ በስኩባ መሣሪያ ለመጥለቅ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በአብዛኛው የማብቂያ ቀን የለውም። ችሎታ ግን ካልተለማመዱት ይጠፋል። የውሃ መነጽርዎ ውስጥ ውሃ ሲገባ ወይም አየርዎ ሲያልቅ ከድንጋጤ የሚያድንዎ እጅዎ የለመደው ነገር ነው። ስለዚህ ተከታታይ ሥልጠና ጤናን ከመጠበቂያ መንገዶች አንዱ ነው።

የውሃ ግፊት በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

በባሕር ጠለል ላይ ያለው ግፊት 1 አትሞስፌር ነው። 10 ሜትር ሲጠልቁ 2፣ 20 ሜትር ሲጠልቁ 3 ይሆናል። ከዚህ የሚመጡት ሁለት ዋና ዋና አደጋዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• የሳንባ ጉዳት፦ በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባዎን የሞላው አየር ወደ ላይ ሲወጡ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ደንግጦ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ፣ አየሩም በደም ሥር ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል።
• የዲኮምፕሬሽን ሕመም፦ በግፊት ምክንያት ናይትሮጅን በደምና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ይሟሟል። በፍጥነት ከወጡ ወደ አረፋነት ይለወጣል።

የማደሻ ሥልጠና ምን ያካትታል?

ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ካልጠለቁ ከአሠልጣኝ ጋር ማደስ ይመከራል። በእስራኤል ከ6 ወር በላይ ሳይጠልቅ የቆየ ሰው ይህን እንዲያደርግ ይጠየቃል። ሥልጠናው በመዋኛ ገንዳ ወይም ጥልቀት በሌለው ውሃ ይሰጣል። የሚለማመዷቸውም፦

• ከመነጽር ውስጥ ውሃ ማስወጣት፣
• ከአፍ የወጣን መተንፈሻ ፈልጎ መመለስ፣
• ከጓደኛ ጋር አየር መጋራት፣
• የጆሮን ግፊት ማመጣጠን፣
• በደቂቃ ከ9 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት መውጣትና 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ቆም ማለት።

ቀጣዩ ኮርስ የትኛው ይሁን?

የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ እስከ 30 ሜትር ያስጠልቃል፤ የመዝናኛ መጥለቅ የመጨረሻ ወሰን 40 ሜትር ነው። ለጤና ይበልጥ የሚጠቅሙት ግን የነፍስ አድን፣ የመጀመሪያ እርዳታና የኦክስጅን አሰጣጥ ኮርሶች ናቸው። በጓደኛዎ ላይ የሚታየውን ጭንቀት ወደ ድንጋጤ ሳይለወጥ እንዲለዩ ያስችሉዎታል።

ኦክስጅን የበዛበት አየር (ናይትሮክስ) የናይትሮጅንን መጠን ይቀንሳል። ነገር ግን ከተወሰነ ጥልቀት በታች ኦክስጅኑ ራሱ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሥልጠና አይጠቀሙበት።

የጤና ሁኔታዎም ይለወጣል

ከመጀመሪያው ሥልጠናዎ ወዲህ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም አስም ካጋጠመዎ፣ ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ሐኪም ያማክሩ። የጤና መጠይቁን በእውነት ይሙሉ። በእርግዝና ወቅት መጥለቅ አይመከርም።

ጠልቀው ወደ ከፍታ ቦታ ሲጓዙ

የአየር ግፊት ሲቀንስ በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ወደ አውሮፕላን ከመግባትዎ በፊት፦

• አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣
• ደጋግመው ወይም ለተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆዩ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጅቡቲ ወይም ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ጠላቂ ከአውሮፕላን ከወረደም በኋላ ከፍታ ላይ ነው። በመኪና ወደ ደጋ መውጣትም ተመሳሳይ አደጋ ስላለው ጥንቃቄው አይለይም።

ወዲያውኑ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከጠለቁ በኋላ፣ በተለይ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የሚከተሉት ከታዩ አይዘግዩ፦

• የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የቆዳ ሽፍታ፣
• መደንዘዝ፣ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣
• ማዞር፣ ያልተለመደ ድካም፣
• የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት።

ታማሚውን አስተኝተው ካለ ንጹሕ ኦክስጅን ይስጡት፤ ተመልሶ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አይፍቀዱ። ዋናው ሕክምና የሚሰጠው ከፍተኛ ግፊት ባለው የኦክስጅን ክፍል ውስጥ ነው። ከባሕር ርቀው ሐኪም ዘንድ ከሄዱ መጥለቅዎን፣ መቼና ስንት ሜትር እንደጠለቁ አስቀድመው ይንገሩት፤ ካልነገሩት ምልክቱን የሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል።