ዘርፍና ባለቤት፤ የኤድንብራ ፍሪንጅ ታሪክና የተመልካች ምርጫ

የቴአትር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የተጋበዙት ታሪክ ነው። ቤተ መንግሥት የጠራው ጸሐፌ ተውኔት፣ ማዘጋጃ ቤት ያሠራው አዳራሽ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያጸደቀው ድርሰት በሰነድ ይቀመጣሉ። ሳይጠራ መጥቶ በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በመጠጥ ቤት ምድር ቤት የተጫወተ ቡድን ግን፣ ዕድል ካልረዳው በቀር፣ የተጫወተበት ምሽት ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በስኮትላንድ ርእሰ ከተማ በኤድንብራ በየዓመቱ ነሐሴ ገደማ የሚካሄደው ፍሪንጅ የተባለው የቴአትር በዓል ከዚህ ልማድ ይለያል። እዚያ ታሪክ ያላቸው ያልተጋበዙት ናቸው። እኔ በሁለት የተለያዩ ዓመታት በዚሁ በዓል ላይ የመገኘት ዕድል አግኝቻለሁ። ከተመለስኩም በኋላ ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ብንሄድ ምን እንይ?»። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል። ነገር ግን በዓሉ እንዴት እንደተፈጠረ ሳይታወቅ «ይህን እዩ፣ ያንን ተዉ» ማለት የሚያስኬድ ስላልሆነ ከመነሻው እጀምራለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1947፣ ኤድንብራ ዓለም አቀፍ የሙዚቃና የቴአትር በዓል አዘጋጀች። የሐሳቡ ዋና አራማጅ በኦስትሪያ ተወልዶ ወደ እንግሊዝ የተሰደደው ሩዶልፍ ቢንግ ነበር። ጦርነት የበታተነውን የአውሮፓ ኪነ ጥበብ በአንዲት ብዙ ባልፈረሰች ከተማ ዳግም መሰብሰብ የሚል ዓላማ ነበረው፤ ዓላማውም በከፊል ተሳክቷል። ናዚዎች ያሳደዱት የሙዚቃ መሪ ብሩኖ ዋልተር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የተገናኘው በዚያው ዓመት በዚያው መድረክ ነው። በቴአትር በኩል ከለንደን የኦልድ ቪክ ቡድን ሼክስፒርን ይዞ መጣ፤ ከፓሪስ ደግሞ የሉዊ ዡቬ ቡድን ሞሊየርንና ዢሮዱን። የአስተናጋጇ አገር የስኮትላንድ ቴአትር ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ነው ስምንት ቡድኖች ማንም ሳይጠራቸው የመጡት። ስድስቱ የስኮትላንድ፣ ሁለቱ የእንግሊዝ ነበሩ። አዳራሽ በራሳቸው ተከራዩ፤ ማስታወቂያቸውን ራሳቸው ለጠፉ፤ ለታላቁ በዓል የመጣውን ተመልካች ወደ እነርሱም ጎራ እንዲል ጠበቁት። ከስምንቱ አንዱ ጭራሽ ከከተማው ውጪ፣ ከፎርዝ ሰርጥ ማዶ ባለው በደንፈርምሊን ገዳም ቤተ ክርስቲያን «ኤቭሪማን» የተባለውን የመካከለኛው ዘመን የግብረ ገብ ተውኔት አሳየ። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረቴን የሚስበው ግን የግላስጎው ዩኒቲ ቴአትር ነው። ሠራተኞችና አማተር ተዋንያን ያቋቋሙት ይህ ቡድን የጎርኪን «ታችኛው ጥልቀት» እና የስኮትላንዳዊውን የሮበርት ማክሌላንን ተውኔት ይዞ ቀረበ። በዓሉ ከመከፈቱ አስቀድሞ የኪነ ጥበብ ምክር ቤቱ ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ አንስቶበት ስለነበረ፣ የመጣው ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው። በችግረኞች ማደሪያ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችን የሚያሳይ ተውኔት፣ ድጎማው በተነሣበት ቡድን፣ ከባለ ፍራክ ልብስ ተመልካቾች በዓል አጠገብ ሲታይ ምን ዓይነት ትርጉም እንደሚሰጥ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ስሙ የመጣው በማግሥቱ ዓመት ነው። በ1948 ጋዜጠኛውና ጸሐፌ ተውኔቱ ሮበርት ኬምፕ በከተማው የማታ ጋዜጣ ላይ በጻፈው መጣጥፍ፣ ከኦፊሴላዊው በዓል ዳርና ዳር የሚካሄደው የግል ሥራ ካለፈው ዓመት ይልቅ እንደበዛ ሲያመለክት «ፍሪንጅ» በሚል ቃል ተጠቀመ። ቃሉም ጸና። ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል «ዳርቻ» ከማለት ይልቅ «ዘርፍ» የሚለው የተሻለ ይመስለኛል፤ ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የዳሰሰችው የልብሱን ዘርፍ ነውና። የነጠላ ጥለት ከነጠላው ጋር አብሮ ይሸመናል፤ ሸማኔው አስቦበታል። ዘርፍ ግን ከሽመናው ተርፎ የሚንጠለጠል ክር ነው። በሰዋስው ቤት ደግሞ ዘርፍ የሚባለው ለባለቤቱ የሚናበበው ቃል መሆኑን ልብ ይሏል። በኤድንብራ ሰዋስው የተገላበጠው እዚህ ላይ ነው፤ ከጊዜ ብዛት በትርኢት ቁጥርም በተመልካችም ብዛት ዘርፉ ባለቤቱን በልጦታል።

ስሙን ያወጣው ኬምፕ ራሱ በዚያው በ1948 ከባለቤቱ ወገን እንደነበረም መጥቀስ ይገባል። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን በሰር ዴቪድ ሊንዚ የተጻፈውን የሦስቱ መደቦች ምጸት ለዘመኑ መድረክ አሳጥሮ ያዘጋጀው እርሱ ነው። ታይሮን ጋትሪ ያንን ተውኔት በቤተ ክህነት የጉባኤ አዳራሽ ውስጥ፣ ተመልካቹን በሦስት ወገን አስቀምጦ አሳየው። ጋትሪ ኋላ በ1953 በካናዳ ስትራትፎርድ በኪነ ጥበብ ዳይሬክተርነት ለመራው ቴአትር መድረክ መነሻ የሆነው ይኸው ልምድ ነው።

ያልተጋበዙት ቡድኖች በ1958 ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ የጋራ ዝርዝር ያትማል፣ ትኬት ይሸጣል፣ መረጃ ይሰጣል። ማን ይጫወት፣ ማን አይጫወት ብሎ ግን አይመርጥም። ይህ መርሕ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ የበዓሉም መንፈስ ያለው በዚህ ውስጥ ነው። በእኛ አገር የቴአትር ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» እንደሆነና ይህም የአውሬዎች ኮሜዲያ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንደታገደ የሚያውቅ አንባቢ፣ መራጭ የሌለበት መድረክ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ሆኖም እንግሊዝን አጋንነን እንዳናይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከ1737 ጀምሮ እስከ 1968 ድረስ በብሪታንያ ለሕዝብ የሚቀርብ አዲስ ተውኔት ሁሉ የቤተ መንግሥቱ ባለሥልጣን የሎርድ ቻምበርሌይን ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ማኅበሩ አይምረጥ እንጂ መንግሥት ይመርጥ ነበር ማለት ነው። በ1963 ቀድሞ ሴተኛ አዳሪዎች ይኖሩበት በነበረ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የተከፈተው ትራቨርስ ቴአትር በአባላት ክበብነት የተቋቋመው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለአባላት ብቻ የሚቀርብ ትርኢት ከሳንሱሩ እጅ የማምለጫ ቀዳዳ ነበረውና።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሩ ላይ መራጭ ከሌለ ምርጫው የት ሄደ? እንደ እኔ አስተያየት ምርጫው አልጠፋም፤ ወደ ተመልካቹና ወደ ሐያሲው ተዛወረ። ለዚህ ከ1966ቱ ክስተት የበለጠ ማስረጃ የለም። የኦክስፎርድ ተማሪዎች ቡድን በአንድ ተራ አዳራሽ የ29 ዓመቱን የቶም ስቶፓርድን «ሮዝንክራንትዝና ጊልደንስተርን ሞተዋል» አሳየ። የመጀመሪያዎቹ ሒሶች ቀዝቃዛ ነበሩ። ከዚያም የኦብዘርቨሩ ሐያሲ ሮናልድ ብራይደን አይቶ በአድናቆት ጻፈ። የብሔራዊ ቴአትሩ የሥነ ጽሑፍ ኀላፊ ኬኔት ታይናን ጽሑፉን እንዳነበበ ድርሰቱን በቴሌግራም ጠየቀ። በ1967 ተውኔቱ በኦልድ ቪክ መድረክ ላይ ነበር። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም «ሐምሌት»ን ያነበበ ተማሪ እነዚያን ሁለት ባለሟሎች ያውቃቸዋል፤ ተልከው ይመጣሉ፣ ተልከው ይሄዳሉ፣ መሞታቸውም በወሬ ይነገራል። ስቶፓርድ የሠራው የሼክስፒርን ዘርፍ ባለቤት ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ተውኔት በፍሪንጅ መወለዱ የአጋጣሚ ጉዳይ ቢሆንም የሚያምር አጋጣሚ ነው።

ከ1973 ጀምሮ «ስኮትስማን» የተባለው የከተማው ጋዜጣ ለአዳዲስ ድርሰቶች ሽልማት መስጠት የጀመረውም ጸሐፊዎች አዲስ ሥራ ይዘው እንዲመጡ ለማበረታታት ነበር። ዛሬ ግን የሒሱ ሥራ ወደ ኮከብ ቆጠራ እየወረደ ነው። አምስት ኮከብ ያገኘ ቡድን ኮከቦቹን ቆርጦ በማስታወቂያው ላይ ሲለጥፍ ማየት የተለመደ ነው። ሐያሲው ስለምን እንደጻፈ የሚጠይቅ የለም። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህ አሳዛኝ ትዕይንት ነው።

ከዚህ የሚከፋው የገንዘቡ ነገር ነው። በ2019 በዝርዝሩ ላይ 3,841 ትርኢቶች ነበሩ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በዓሉ ሳይካሄድ ቀረ፤ በ2021 በጥቂቱ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህም በሺህ የሚቆጠሩ ትርኢቶች ይቀርባሉ። እነዚህ ሁሉ አዳራሽ ይከራያሉ። በነሐሴ የኤድንብራ የቤት ኪራይ ሰማይ ይነካል። አንዱ አዳራሽ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ስድስት ሰባት ቡድን ስለሚያስተናግድ አንዱ ትርኢት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ዕቃ አውጥቶ ዕቃ ለማስገባት የሚሰጠው ጊዜ ቡና እንኳ አያስጠጣም። ብዙዎች ከስረው ይመለሳሉ። እንግዲህ በሩ ለሁሉ ክፍት ነው ሲባል፣ ቤት ኪራዩን ለቻለ ሁሉ ማለት ነው። የግላስጎው ዩኒቲ ሠራተኞች ዛሬ ቢኖሩ የሚመጡ አይመስለኝም። መራጭ ኮሚቴ ቢያንስ ስም አለው፤ ቢከለክልህ ማንን እንደምትወቅስ ታውቃለህ። የኪራይ ዋጋ ግን የሚወቀስ ፊት የለውም። ይህን የምለው ኮሚቴን ናፍቄ አይደለም።

በዚያው ከተማ ትኬት የሌላቸው ትርኢቶችም አሉ። ተዋናዩ ሲጨርስ ባልዲ ወይም ባርኔጣ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ የወጣው ሁሉ የወደደውን ያህል ይሰጣል። በአዝማሪ ቤት ያደገ ጆሮና ዓይን ለዚህ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ አዝማሪው ሸላሚውን በስሙ ጠርቶ ግጥም ያወርድለታል፤ የኤድንብራው ባለ ባልዲ አመስግኖ ብቻ ይሸኛል።

አሁን ምን ይታይ? በዓሉ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮን ዝርዝር ማውጣት ዋጋ የለውም። ሆኖም እዚያ ከተወለዱት ውስጥ ደጋግመው በተለያየ ቦታ የሚዘጋጁ፣ ካልተገኙም በመጽሐፍ ሊነበቡ የሚገባቸው አሉ። ከስቶፓርድ ቀጥሎ የማስቀድመው በ2005 በትራቨርስ የቀረበውን የቲም ክራውችን «አንድ የዋርካ ዛፍ» ነው፤ ዛፉ በእንግሊዝኛው ኦክ ነው፣ ዋርካ ያልኩት ለእኛ እንዲቀርብ ነው። ሴት ልጁ በመኪና የተገጨችበት አባት፣ መኪናውን ሲነዳ ከነበረው የማደንዘዣ ትርኢት አቅራቢ ጋር በመድረክ ይገናኛል። አባቱን የሚጫወተው ተዋናይ በየምሽቱ የተለየ ሰው ሲሆን ድርሰቱን አስቀድሞ አላነበበም፤ ምን እንደሚል እዚያው መድረክ ላይ ይነገረዋል። ከሐዘኑ የተነሣ ያለበትን የማያውቅ ሰው፣ ያለበትን በእውነት በማያውቅ ተዋናይ ይወከላል። ስለ ትወና ንድፈ ሐሳብ ብዙ ምዕራፍ ከማንበብ ይህን አንዴ ማየት ይበልጣል።

ሁለተኛው በ2006 የስኮትላንድ ብሔራዊ ቴአትር በአሮጌ የወታደር ማሠልጠኛ አዳራሽ ያሳየው የግሪጎሪ በርክ «ብላክ ዋች» ነው። ደራሲው በኢራቅ የዘመቱ የአንድ ክፍለ ጦር ወታደሮችን አነጋግሮ የጻፈው ነው። ዘፈንና የሰልፍ እንቅስቃሴ አለበት። የወታደር ቀረርቶና ፉከራ ከነሙሉ ወጉ ላለን ሰዎች፣ የጀግንነት ዜማ ጥርጣሬ ሲገባበት እንዴት እንደሚሰማ ለማጤን ይረዳል። በ2013 የቀረበው የፊቢ ዎለር ብሪጅ «ፍሊባግ» እና በ2019 የቀረበው የሪቻርድ ጋድ «ቤቢ ሬንዲር» በቴሌቪዥን ስለታወቁ ብዙ አልልባቸውም። ሁለቱም ሲጀመሩ አንድ ሰው በአንድ ጠባብ አዳራሽ የሚተርካቸው ነበሩ፤ ከድህነት የተወለደ ቅርጽ ነው፤ ብቻውን ለሚጽፍ ተማሪ ግን ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነው።

ለሚሄድ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው። በቀን ከሦስት በላይ አትዩ፤ አራተኛው የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። አንዱን አዲስ ድርሰት መርጦ ከሚያሳየው ከትራቨርስ ውሰዱ፤ መምረጥ በማይታወቅበት በዓል እምነት የሚጣልበት ቤት መራጩ መሆኑ ያስቃል። ሁለተኛውን በወረፋ ላይ አጠገባችሁ የቆመውን ሰው ጠይቁ፤ ከኮከቡ ይልቅ እርሱ ይታመናል። ሦስተኛውን ስሙን ሰምታችሁ ከማታውቁት ቡድን፣ በጠዋት ሰዓት፣ አሥር ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ተመልከቱ። መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም መጥፎ ነው። የ1966ቱ አዳራሽ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በነበርኩባቸው ቀናት በአማርኛ የሚነገር ተውኔት ፈልጌ አላገኘሁም። የአገሬን ልጆች ያየሁት በሰርከስ ድንኳን ውስጥ ነው። ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ የመሠረቱት ሰርከስ አቢሲኒያ በ2017 «የኢትዮጵያ ሕልሞች»ን፣ በ2022 ደግሞ «ቱሉ»ን በሜዶውስ ሜዳ ላይ በተተከለው ድንኳን አሳይቷል። ሁለተኛው በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችውን የደራርቱ ቱሉን ታሪክ መነሻው ያደረገ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን የተስፋፋው የሰርከስ እንቅስቃሴ ያፈራው ጥበብ ቋንቋ ሳያግደው እዚያ ደርሷል። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላዬ የተቀመጡት ስኮትላንዳውያን ሕፃናት የደራርቱን ስም በራሳቸው አነጋገር እየሰባበሩ ይጠሩ ነበር። በቋንቋ የሚነገረው ተውኔታችን በዚያ ድንኳን አጠገብ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ተዋናይ፣ በአንድ ወንበር ቢቀርብ ከትርጉም ጋር ምን ያህሉ ይተርፍ ይሆን የሚለው፣ በትምህርት ክፍላችን የትርጉም ኮርስ ለሚወስዱ ተማሪዎች የመመረቂያ ርእስ ሊሆን የሚችል ጥያቄ ነው።