ጅራቱን የታጠቀው ቅጠል በል

ጃርት ማሳችሁ ገብቶ ውሻ ሲደርስበት አይታችኋል? ጀርባውን ይሰጥና እሾሁን አቁሞ ወደ ኋላው ይገፋል። የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖረው ኬንትሮሳውረስ የተባለው ዳይኖሰርም መሣሪያው በስተኋላው ነበር።

ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከአንገቱ እስከ ጀርባው መካከል የአጥንት ሰሌዳ፣ ከዚያ እስከ ጅራቱ ጫፍ ጥንድ ጥንድ የአጥንት ጦር ተደርድሮበታል። ጅራቱን ሲያወናጭፍ የቀረበው ሥጋ በል ወየውለት! እሱ ራሱ ግን ቅጠል በል ነው። ሣር በላ እንዳትሉ፤ ሣር ያን ጊዜ ገና በምድር ላይ አልነበረም። ዝቅ ያለውን ተክል በምንቃሩ እየቀነጠሰ፣ ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ ብዙም ሳያላምጥ ይውጠው ነበር።

አጥንቱ የወጣው ከታንዛንያ፣ ተንዳጉሩ ከሚባል ኮረብታ፣ ከ1909 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. በተደረገ ቁፋሮ ነው። አገሩ ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበር። የቆፈሩትም፣ ተሸክመው በእግራቸው ሊንዲ ወደብ ያደረሱትም የአገሩ ሰዎች ናቸው። የቁፋሮው አለቃ የቦሄቲ ቢን አምራኒ ስም ተጽፎ ቆይቶናል፤ የብዙዎቹ ተሸካሚዎች ግን አልተጻፈም። አጥንቱ ዛሬ በርሊን ሙዚየም ቆሟል፤ ስሙንም በ1915 ያወጣለት ሄኒግ የተባለ ጀርመናዊ ነው።

«እኛስ ዘንድ?» ትሉ ይሆናል። አሶሳ አካባቢ ወርቅና እብነ በረድ ያዘለው አለት ከዳይኖሰር ዘመን እጅግ የቀደመ ነውና እዚያ አትድከሙ። ዓባይ ግን እኛ ጋ ሳይደርስ፣ በላይኛው ተፋሰሱ፣ የዚያኑ ዘመን የጭቃ ድንጋይ ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርሶች ተለቅመዋል።